ፍንጭትን ማን በሽታ አደረገው?

ወግዲ ላይ «ፍንጭት ናት» ከተባለ ሙገሳ ነው። መካነ ሰላም ብትጠይቁም፣ ዓባይን ተሻግራችሁ ጎጃም ብትገቡም መልሱ ያው ነው። ስንቱ ዘፋኝ ዓይኑንም ጸጉሩንም አድንቆ ሲያበቃ የሚያርፈው እዚያች የፊት ጥርስ መሐል ላይ አይደል? ታዲያ ይህችው ፍንጭት አዲስ አበባ ስትገባ ስሟ ይለወጣል። በአንዳንድ የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ላይ ከተጣመመና ከተነባበረ ጥርስ ጎን ተሰልፋ «ክፍተት» ትባላለች፤ የሚታከም ችግር ትሆናለች። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ ማለት ይኼኔ ነው።

ጠቤ ከሽቦው ጋር አይደለም። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል የጥርስ አገጣጠም ችግሮችን እ.ኤ.አ. በ1899 በ3 ከፍሎ ካስቀመጠ ወዲህ ጥርስ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሥራው በጉልበት አይደለም። ሽቦው ጥርሱን ቀስ እያለ ሲገፋው ከፊቱ ያለው የመንጋጋ አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቅለታል፤ ከኋላው ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ላይና ታቹ አልገጥም ብሎ ማላመጥ ላቃተው ሰው ይኼ ቅንጦት አይደለም፤ ሕክምና ነው።

ነገር ግን ማስታወቂያው የማይነግራችሁ አለ። የ8 ዓመት ልጅ የፊት ጥርስ ቢፈነጨት አትደንግጡ፤ 11 እና 12 ዓመት ላይ ክራንቻው ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይገጥማል። በሽቦ የተዘጋ ፍንጭትም ቤቱን አይረሳም፤ ተመልሶ እንዳይከፈት ጥርሱን የሚይዝ ማቆያ ለዓመታት፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ ያስፈልጋል። በአንጻሩ ድሮ ያልነበረ ክፍተት በጉልምስና ከመጣ የድድ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሽቦው በፊት ድዱ ይታከም።

ለውበት መታመም በእኛ አልተጀመረም። እናቶቻችን ድዳቸውን በመርፌ ተነቅሰዋል፤ አደጋም ነበረው። ግን የታመሙት የገዛ ጎረቤታቸው «አማረብሽ» እንዲላቸው ነው። እኛስ? አሜሪካዊቷ ሎረን ኸተን ፍንጭቷን ሳትዘጋ እ.ኤ.አ. በ1973 ከመዋቢያ አምራቹ ሬቭሎን ጋር ትልቅ ውል ተፈራረመች። ናይጄሪያ ውስጥ ጥርሳቸውን አስሞርደው ፍንጭት የሚያሠሩ አሉ። ሌላው ከፍሎ የሚያሠራውን እኛ ከፍለን እንደፍናለን።

ከወግዲ ለትምህርት የመጣች ልጅ ሠፈሯ ሲያሞግሳት የኖረውን ጥርስ እንደ ጉድለት ተጽፎ ስታነብ ምን ይሰማታል? አፏን በእጇ ከልላ መሳቅ ትጀምራለች። ያ ነው የሚያሳዝነኝ። ፈልጋ ብታዘጋው መብቷ ነው፤ ማንም አይከለክላትም። ግን በቅድሚያ «ማላመጥ ያስቸግርሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ሐኪም ይግጠማት። «የለም፣ ደህና አላምጣለሁ» ካለች፣ እውነተኛ ሐኪም «እንግዲያው በሽታ የለብሽም» ሊላት ይገባል።