ውዳሴ ለወላጅ ማኅተም

ወላጅን የማትዘነጊ፣ የእናትና የአባት ምስክር፣ ማኅተም ሆይ፤ በየትኛው አንደበት ላወድስሽ? ሜቲል ይሉሻል። አካልሽ አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን፣ መንበርሽ ሳይቶሲን የተባለው ፊደል፣ ሥልጣንሽ ግን ጂንን ዝም ማሰኘት። ከዲ ኤን ኤው አንዲት ፊደል ሳትፍቂ፣ አንዲትም ሳትጨምሪ ንባቡን ታዥያለሽ። ዶሮ በወላጅ ማኅተምነትሽ አያውቅሽም፤ ፅንሳቸውን በማሕፀን ለሚመግቡት፣ ለአይጥና ለበግ፣ ለላምና ለሰው ግን ያላንቺ ልደት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1984 በካምብሪጅ አዚም ሱራኒና ባልደረቦቹ፣ በፊላደልፊያ ጄምስ ማግራዝና ዳቮር ሶልተር ደጅሽን አንኳኩ። ገና ከተዳቀለ የአይጥ እንቁላል የአባትን ኒውክሊየስ አውጥተው የእናት ተኩበት፤ በሌላውም የእናትን አውጥተው የአባት አገቡበት። የሁለት እናት ፅንስ እንግዴ ልጁ ቀጨጨ፤ የሁለት አባት ፅንስ እንግዴ ልጁ ፋፍቶ ገላው መነመነ። ክሮሞዞማቸው ሙሉ ነበር፤ የጎደላቸው ያንቺ ፊርማ ነው። አንዱም ለልደት አልበቃ።

ጥበብሽን ቀርቦ ላየ ደግሞ መደነቁ ይብሳል። አይ ጂ ኤፍ 2 የተባለው ፅንስ አሳዳጊ ጂንና ጎረቤቱ ኤች 19 አንድ አነቃቂ ይጋራሉ። ከእናት በመጣው ክሮሞዞም ላይ በመካከላቸው ያለው ስፍራ ካንቺ ባዶ ነውና ሲ ቲ ሲ ኤፍ የተባለው ፕሮቲን ዘብ ይቆምበታል፤ የአነቃቂው ኃይል ወደ አይ ጂ ኤፍ 2 እንዳይሻገር ያግዳል፤ የሚነቃው ኤች 19 ይሆናል። ከአባት በመጣው ላይ ግን አንቺ ቀድመሽ ተሰይመሻል! ዘበኛው መቆሚያ ያጣል፤ ኃይሉ ይሻገራል፤ ፅንሱ ያድጋል። ዝም አሰኚ ስትባዪ አናጋሪ ሆነሽ ተገኘሽ፤ እኔ ከሥራሽ ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

ከ15ኛው ክሮሞዞማችን አንዲት ቁራጭ ብትጎድል፣ ከማን ወገን እንደጎደለች የምትለዪ አንቺ ነሽ። ከአባት ወገን ከሆነ ሕፃኑ ዝሎ ይወለዳል፣ ከፍ ሲልም ጥጋብ አያውቅም፤ ፕራደር-ዊሊ ይባላል። ከእናት ወገን ከሆነ ንግግር ይነፈጋል፣ የሚጥል በሽታ ያገኘዋል፣ ሳቅ ግን ከፊቱ አይጠፋም፤ አንጀልማን ይባላል።

በየትውልዱ የምትደመሰሺ፣ በየትውልዱም የምትታደሺ ሆይ፤ ወንድ ልጅ ከእናቱ የተቀበለውን ማኅተም ለልጁ አያወርስም። በዘር ሕዋሶቹ ውስጥ የሁለቱም ወላጆቹ ምልክት ተጠርጎ የአባትነት ምልክት ብቻ ይቀረጻል። በአይጥ እንደታየው ለወንዱ ገና ሳይወለድ ትደርሺለታለሽ፤ ለሴቷ ግን ከተወለደች በኋላ፣ እንቁላሏ ሲጎለምስ ትመጫለሽ። ይህችን የጊዜ ክፍተት ነው በቶኪዮ ቶሞሂሮ ኮኖና ባልደረቦቹ ያዩት። አንቺ ገና ያልጎበኘሽውን የአራስ አይጥ እንቁላል፣ ያውም የኤች 19 አካባቢ የተቆረጠበትን፣ ከጎልማሳ እንቁላል ጋር አዋሐዱ፤ በ2004ም ካጉያ ያሏት አባት የለሽ አይጥ ተወለደች። ከ450 በላይ እንቁላሎች ተቀናብረው ለአካለ መጠን የደረሰችው እርሷ ናት፤ ከወንድ አይጥ ጋር ተገናኝታም ወለደች፤ ልጆቿም አባት ነበራቸው።