ስለ አንድ የዋንዛ ገበቴ አወላወል የቀረበ ትችት

ሰሞኑን ከአንድ የእንጨት ዕቃ መሸጫ ቤት በቶርኖ የተሠራ የዋንዛ ገበቴ ገዛን። ቅርጹ ያማረ ነው፤ ከንፈሩ ስስ፣ መቀመጫው የጸና በመሆኑ ሠሪው ብረት መያዝ የሚያውቅ ሰው እንደ ሆነ ይመሰክርለታል። እንግዲህ ትችታችን በቅርጹ ላይ ሳይሆን ከቅርጹ በኋላ በተደረገለት ነገር ላይ ነው። በሱቁ መብራት እንደ መስተዋት ያበራ የነበረው ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲወጣ አመድ የተነሰነሰበት መሰለ። ብንወለውለውም አልለቀቀም፤ ነጩ ነገር ከላይ ያረፈ ሳይሆን ከእንጨቱ ውስጥ የገባ ነበርና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዋንዛ ውስጥ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያልፍባቸው ሰፋፊ ቧንቧዎች አሉ፤ እንጨቱ ሲቈረጥ እነዚህ በዐይን የሚታዩ ቦዮች ሆነው ይቀራሉ። ገበቴም ክብ ስለ ሆነ ቶርኖው በአንዱ ወገን ቧንቧውን በቁመቱ ይሰነጥቀዋል፤ በሌላው ወገን አፉን ይከፍተዋል። በሚሽከረከረው የጨርቅ መወልወያ ላይ የሚቀባው ቅባት ደግሞ በሰም የተለወሰ የድንጋይ ዱቄት ነው። መጀመሪያ የሚቀርበው ትሪፖሊ ቡናማ ስለ ሆነ ብዙም አያጋልጥም፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው አልሙኒየም ኦክሳይድ ግን ነጭ ነው። ዝግባ እንዲህ ያለ ቧንቧ ስለሌለውና መልኩም ፈዛዛ ስለ ሆነ ሥራው ያምርበታል። ለዝግባ የተመቸውን ልማድ እንዳለ ወደ ጠይሙ ዋንዛ ማዛወር ነው ስሕተቱ።

«ገዢው የሚፈልገው ብልጭታ ነው» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። እውነት ነው፤ እኛም የገዛነው አብለጭልጮ ስላየነው ነው፤ ከወቀሳው ድርሻችንን እንወስዳለን። ነገር ግን ገበቴ ምግብ ሊቀርብበት የተሠራ ዕቃ ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣል፤ ከምድጃ የወረደ ወጥ ከዚህ ይበልጥ ይግላል። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም እስከ 80 ዲግሪ ያህል ቢታገሥም፣ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ይነጣል። ቀዳዳውን በመሙያ ደፍኖ ቨርኒሽ መደራረብም ለመደርደሪያ ጌጥ ይሁን እንጂ በየቀኑ ለሚታጠብ ዕቃ ሲሰነጠቅና ሲላጥ ማየት ነው።

ለእኛ የሚሻል የሚመስለን ቀዳዳው ቀዳዳ ሆኖ እንዲቀር ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ከሻካራው ወደ ልዝቡ በተራ ማስኬድ፣ በየመካከሉ አቧራውን በብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ በኋላ ጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ቀብቶ የተረፈውን መጥረግ ይበቃል። ይህ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ስለ ሆነ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ ነጋዴ የማይወደውም ይህን ይመስለናል። «የተፈላ» ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጠው ቶሎ ይደርቃል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ የብረታ ብረት ማድረቂያ ስለሚጨመርበት ለምግብ ዕቃ አንመርጠውም። በነገራችን ላይ፣ በዚህ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል።

የገዛነውን ገበቴ በደረቅ ብሩሽ እየፋቅን ዘይት ቀባነው። በቁመት የተሰነጠቁት ቦዮች ጠሩ፤ አፋቸው የተከፈተው ግን ዛሬም ነጭ ነጠብጣብ አለባቸው። ብርቱካን እናስቀምጥበታለን።