«በትናቸው» እና «ይበትኗቸው»

ኮምቦልቻ ላይ ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየሁ ዕለት ከስክሪኑ ግርጌ የወጣው አማርኛ ሳይሆን የሳጥን ሰልፍ ነበር። አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ነጥብ፣ አራት ማዕዘን። ስድስት ወር ማታ ማታ የለፋሁበት ትርጉም በሰው ኮምፒውተር ላይ ፊደሉን የሚያውቅለት አጥቶ ሳጥን ሆኖ ቀረ። ሰዉ መጀመሪያ ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ይኼ ደግሞ የየት አገር ቋንቋ ነው?» አለ። ደግነቱ ኒያላ የሚባለውን ፎንት በፍላሽ ይዤ ነበር። እሱን ጭኜ፣ ቪኤልሲውን ዘግቼ ስከፍት ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ፎንት ሳልይዝ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት አልወርድም። የዚያን ዕለቱ ትልቁ ጥፋቴ ግን ይኼ አልነበረም፤ እሱን ሰው እስኪነግረኝ አላየሁትም።

እንጀራዬ የእንግሊዝኛ መምህርነት ነው። ሰብታይትል መጻፍ የጀመርኩት ማንም ሳያዘኝ ነው። ልጅ ሆኜ ደሴ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ስገባ አጠገቤ ለተቀመጠው ሁሉ «አሁን እንዲህ አለው» እያልኩ ሹክ እል ነበር። አንዳንዱ ያመሰግነኛል፣ አንዳንዱ በክርኑ ይጎሽመኛል። የዛሬው ሥራዬም ያው ሹክሹክታ ነው፤ ልዩነቱ በሁለት መስመር መጻፉ ብቻ ነው። ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ስክሪኑ ላይ የሚቆየውም ቢበዛ ስድስት ሰባት ሰከንድ ነው። ፊደላችን እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አንዱ ቁምፊ ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚሸከም በጠባብ መስመር ብዙ ይገባል። የሚያስቸግረው ግሱ ነው። እንግሊዝኛ «አላደረግኩም» የሚለውን ገና ከአፉ ሲወጣ ይናገራል፣ አማርኛ ግን እስከ መጨረሻው ያቆየዋል። ተዋናዩ ተናግሮ ጨርሶ ፊቱን ሲያዞር የእኔ ግስ ገና በመንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እሰባብራለሁ፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የራሱን ትንሽ ግስ እሰጠዋለሁ።

ፊልሙ ስፓይክ ሊ እ.ኤ.አ. በ1992 የሠራው «ማልኮም ኤክስ» ነው፤ መሪ ተዋናዩ ዴንዝል ዋሽንግተን፣ ርዝመቱ 202 ደቂቃ። ማልኮም እ.ኤ.አ. በ1925 ኦማሃ ተወልዶ፣ የካቲት 14 ቀን 1957 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ንግግር ሊጀምር መድረክ ላይ እንደቆመ፣ በ39 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ፕላስቲክ ወንበር ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም፤ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ደግሞ አስቡት። ከደሴ ብርድ ደርቤው የወጣሁት ጋቢ እዚያ ስደርስ ሸክም ሆኖብኝ ነበር። ሆኖም ለዚህ ሕዝብ አንድ የጥቁር መብት ታጋይ ፊልም ብቻ ላሳይ ብባል ይኼን ነው የምመርጠው። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ይገላገላል። ለዳኛውም «ዩ»፣ ለሌባውም «ዩ»፣ ለሚስቱም «ዩ»። አማርኛ እንዲህ አያስመልጥም። አፉን የከፈተ ሁሉ በመጀመሪያው ግስ ላይ ሰውየውን የት እንዳስቀመጠው ይናዘዛል፦ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ በእኛ አገር ደግሞ አንቱ። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ያልወሰነውን እኔ እወስናለሁ። መጀመሪያ ይኼን የቋንቋ ጣጣ ብቻ አድርጌ አይቼው ነበር፤ የታሪኩ ልብ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ሽማግሌ በነጭ አፍ «ቦይ» ነበር፤ ጥቁር ሴት፣ አያት ብትሆንም፣ ያለ ማዕረግ በስሟ ብቻ ትጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አላባማ ውስጥ ሜሪ ሃሚልተን የምትባል የመብት ታጋይ ፍርድ ቤት ቀርባ ዐቃቤ ሕጉ «ሜሪ» ሲላት፣ እንደ ነጮቹ ሴቶች «ሚስ ሃሚልተን» ካልተባልኩ መልስ የለኝም አለች። ዳኛው ችሎት ደፍረሻል ብሎ አምስት ቀን እስርና 50 ዶላር ፈረደባት። በዓመቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረላት። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ታላቅ ሰውን «አንቱ የተባለ» ነው የምንለው፤ ክብሩንና መጠሪያውን ለይተን አናውቅም።

እናም ትርጉሙን ስሠራ ዋናው ጥያቄዬ «ምን አለ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ብሎ አለው?» ሆነ። ማልኮም ለኔሽን ኦፍ ኢስላም ድርጅት መሪ ለኤላይጃ ሙሐመድ፦ አንቱ። ከተለያዩ በኋላ ስለ ኤላይጃ ሲያወራ «እሱ» ይበል ወይስ «እሳቸው»? «እሳቸው» ላይ ቀረሁ። የወሎ ሰው ከሸኹ ቢጣላ እንኳ አንቱታውን አያነሳም፤ ቅሬታውም በአንቱታ ሲነገር ይበልጥ ይከብዳል። ትንሹን ማልኮም ጠበቃ ከምትሆን አናጺ ብትሆን ይሻልሃል የሚለውን ነጭ አስተማሪ ደግሞ «ልጄ» አስባልኩት። ክፉ አስተማሪ ቢሆን ቀላል ነበር። ሰውየው ለስላሳ ነው፣ የሚመክር ይመስለዋል። ሃያ ምናምን ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ሰው ነኝና ያችን መስመር የጻፍኩ ማታ ሌላ መስመር አልጻፍኩም።

የቀለም ነገር ሌላው ፈተና ነበር። ማልኮም በወጣትነቱ፣ በዱርዬነቱ ዘመን፣ ፀጉሩ ቀላ ስለሚል «ዲትሮይት ሬድ» ይባል ነበር። «ቀዩ» ብዬ ተረጎምኩት። በአማርኛ ቀይ ሰው ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ እውነተኛው ማልኮምም በእኛ ዓይን ቀይ ሰው ነበር። ዴንዝል ግን ጠይም ነው። «ይኼ ምኑ ነው ቀይ?» አለ አንዱ። ሌላው ቀበል አድርጎ «ቀይስ ከሆነ ለምን ጥቁር ይሉታል?» አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብናገር የማልጨርሰውን ነገር በአንድ ጥያቄ ጨረሰው። እኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እያልን የምንከፋፍለውን ሁሉ እዚያ አንድ ቃል ውጦታል።

ስድቡ ላይ ግን አፍሬያለሁ። ለዚያ ክፉ የእንግሊዝኛ ቃል መጀመሪያ የጻፍኩት «ባሪያ» የሚለውን ነበር። እጄ ላይ ቶሎ መጣ፤ ቶሎ መምጣቱ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ቃሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ሁለት ሦስት አንገት ወደ አንድ ጠቆር ያለ ተማሪ ዞረ። ልጁ ፈገግ አለና ስልኩን ማየት ጀመረ። ባርነት በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን እነሆ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፈልጎ አገኘ። የአሜሪካኑን ስድብ ልተረጉም ብዬ የራሳችንን አወጣሁ። አሁን «ኒገር» ብዬ እንዳለ እጽፈዋለሁ። ራፕ የሰማ ወጣት ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ከተሰዳቢው ፊት ያነበዋል።

ትርጉም ያላስፈለገው ቦታም ነበር። ማልኮም ፀጉሩን በሚያቃጥል ማለስለሻ ሲያስለሰልስ፣ ከፊት የተቀመጠች የፀጉር ቤት ልጅ «ኧረ ይታጠብ! ጭንቅላቱን ይጨርሰዋል!» ብላ ጮኸች። ሰብታይትሉን ማንም አላነበበም።

አሁን ይኼን ፊልም የመረጥኩበት ምክንያት። አዳራሹ ውስጥ እንደ ወሎ ወግ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀላቅሎ ነው የተቀመጠው። ማልኮም እስር ቤት ውስጥ የኔሽን ኦፍ ኢስላም ተከታይ ሆኖ፣ ነጭ ሁሉ ሰይጣን ነው የሚለውን ትምህርት ሲማር፣ ሽማግሌዎቹ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ጀመሩ። «ይኼ እኛ የምናውቀው ዲን አይደለም» ሲባል ሰማሁ። ይህን አስቀድሜ ፈርቼው ነበር። ሰብታይትል ማብራሪያ አይሸከምም፤ ከግርጌ ላይ ቆሜ «ይህ የድርጅቱ ትምህርት ነው» ልል አልችልም። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጌ ነበር። እስከ መካ ድረስ ባለው ክፍል «ሃይማኖት»፣ «ጸሎት»፣ «ልመና» እያልኩ የመጽሐፍ አማርኛ ብቻ ጻፍኩ። ማልኮም እ.ኤ.አ. በ1964 ሐጅ ሲያደርግ ነጩም ጥቁሩም በአንድ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ካዕባን ሲዞር፣ ቃላቱን ለወጥኩ። «ዲን» መጣ፣ «ሶላት» መጣ፣ «ዱዓ» መጣ፣ ቤታችን የምንናገረው ሁሉ። ማንም ይህን አስተውሎ አልነገረኝም፤ አዳራሹ ግን ጸጥ አለ። አንድ አባት በለሆሳስ ተክቢራ አሉ። ዳይሬክተሩ ሙስሊም ስላልነበረ መካ መግባት አልቻለም፤ ያን ክፍል የቀረጹለት ሙስሊም ባለሙያዎች ናቸው። ማልኮም ራሱም የሶላቱን አቋቋምና አቀማመጥ በደንብ የተማረው እዚያ ሄዶ መሆኑን ተርኳል። ተመልሶ ስሙ ኤል-ሐጅ ማሊክ ኤል-ሻባዝ ሲሆን አሜሪካዊ ተመልካች ማብራሪያ ያሻዋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ «ሐጂ» ይለው ጀመር፤ ሲገደልም «ሐጂን ገደሉት» ነው የተባለው።

ለኔሽን ኦፍ ኢስላም ይህን ማድረጌ ፍትሐዊ ነበር ወይ? ፊልሙ ራሱ ያልፈረደውን በቃላት ምርጫ ፈርጄበታለሁ። ዛሬም ብሠራው እንደዚያው ነው የማደርገው።

ከፊልሙ በኋላ ቡና ተፈላ። ከእኛ ሰው እዚያ ትግል ውስጥ የገባ አልነበረም ወይ ተብዬ ስለ ዶክተር መላኩ በያን አወራሁ። ወሎ ተወልደው፣ አሜሪካ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው፣ ጥቁር አሜሪካዊት ዶሮቲ ሃድሊን አግብተው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙ፣ በ1940 እዚያው አሜሪካ ያረፉ ሰው ናቸው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በጣሊያን ቦምብ ስትደበደብ፣ የአሜሪካኖቹም ሆስፒታል ሲመታ፣ የሃርለም ጥቁሮች ለኢትዮጵያ ሲሰለፉ፣ ማልኮም የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። የዶክተር መላኩን ሕይወት ፊልም የሚያደርግ ቢመጣ ሰብታይትሉን በነፃ እጽፋለሁ።

ጥፋቴን የሰማሁት ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው። አንድ ሐጂ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ «አብሽር ልጄ፣ ደግ ሠርተሃል» ብለው ጀመሩና «ያ ፖሊስ ግን…» አሉ። ወዲያው ገባኝ። በፊልሙ ሃርለም ውስጥ ፖሊስ አንዱን የማልኮም የእምነት ወንድም ደብድቦ ያስራል። ማልኮም ሰዎቹን አሰልፎ ጣቢያ ይሄዳል፣ ከዚያ ሆስፒታል። ሱፍ የለበሱ ወጣቶች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ኋላቸው ሕዝቡ ተቆጥቷል። የፖሊሱ አለቃ ሕዝቡ እንዲበተን ይጠይቃል። ማልኮም ወንድሙ መታከሙን ሳያረጋግጥ እሺ አይልም። ሲያረጋግጥ እጁን ከፍ አድርጎ ይጠቁማል፤ ሰልፉ ያለ አንዲት ቃል ዞሮ ይሄዳል። የአለቃውን መስመር የጻፍኩት «ሰዎቹን በትናቸው» ብዬ ነበር።

«ያን ሁሉ ሰው በር ላይ አቁሞ የመጣን ሰው ‹በትናቸው› ይለዋል?» አሉ ሐጂ።

«ፖሊሱ ይንቃቸዋል እኮ፣ አባባ» አልኩ።

«ንቀቱማ ቅድም ነበር፤ አሁን ፈርቷል። የፈራ ሰው አንቱ ይላል።»

አጠገባችን የነበረ ወጣት መምህር አልተስማማም፤ የፖሊሱን ክፋት ታለሰልሰዋለህ አለኝ። ማታ ሐረጎን ሽቅብ ስንወጣ መስኮቱን ጉም ሸፍኖት ይህንኑ ሳሰላስል ቆየሁ፤ ደሴ ስደርስ ለሐጂ ፈረድኩ። ትዕቢተኛው ሰው በገዛ አፉ ሳያስበው አንቱ ሲል ያንሳል እንጂ አይለሰልስም። ቤት ገብቼ መስመሩን «ሰዎቹን ይበትኗቸው» አደረግኩት። ለውጡ ከፊት አንዲት «ይ» መጨመር፣ «ና»ን «ኗ» ማድረግ ነው። ተውላጠ ስም አላስገባሁም፤ ለዚያ ፖሊስ ግሱ ይበቃዋል።

ያ የታረመው ፋይል በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከነኮምፒውተሬ ጠፋ። በኋላ ከአንድ ተማሪዬ ፍላሽ ያገኘሁት የመጀመሪያውን፣ ያልታረመውን ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ከእጅ እጅ የሚዞረውም እሱው መሆኑን ሰምቻለሁ። የእኔን አስተካክያለሁ። እናንተ ዘንድ ያለውን ፋይል በኖትፓድ ክፈቱት፤ «በትናቸው» የሚለውን ፈልጉና «ይበትኗቸው» አድርጉልኝ። ስታስቀምጡት ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ይጠፋል።