የሰኔ ጨረቃ በጅማ ሰማይ

ሰኔ ውስጥ ጅማ ላይ አንድ የግጥም ምሽት ታድሜ ነበር። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጋር ግብግብ ገጥሟል። ካነበቡት ስምንት ወጣቶች አምስቱ ያቀረቡት ስለ ሙሉ ጨረቃ ነው። አንዱ ጨረቃዋን ማር አስመስሎ ከአድማስ ሥር አዘገማት፤ ቆርቆሮው ስንኙን ሲውጥበት ደግሞ ከፍ ባለ ድምፅ ደገመው። እኛም ጃኬታችንን እስከ አገጫችን ዘግተን ስለ ደረቅ ሣርና ስለ ሞቃት ሌሊት ሰማን። አጨበጨብንም። ወደ ማደሪያዬ በጭቃ ውስጥ ስመለስ ግን አንድ ጥያቄ ከነከነኝ፤ ይህች ጨረቃ ከየት መጣች?

አመጣጧን መገመት አይከብድም። ፈረንጅ «ሰመር» የሚለውን ትምህርት ቤት «በጋ» ብለን ተምረናል። ወሩ ግን ለእኛ ክረምት ነው። ሼክስፒር በ18ኛው ሶኔቱ ወዳጁን ከበጋ ቀን ጋር ሲያስተያይ፣ ለአገሩ ሰው የበጋ ቀን ምን ያህል አጭርና ውድ እንደሆነ ያውቃል። ያንኑ ንጽጽር ሳያላምጡ ወደ አጋሮ ማምጣት የሰው ካፖርት ለብሶ መታየት ነው።

ሰማዩም ቢሆን አንድ አይደለም። ሰኔ 13 ወይም 14 ፀሐይ ወደ ሰሜን የምትሄድበት ጥግ ደርሳ ትመለሳለች። ያን ቀን የለንደን መዓልት ከ16 ሰዓት ተኩል ይበልጣል። የጅማው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዓመቱ አጭር ቀን ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። የጅማ ሰው ያን ቀን ሊያይ የሚችለው ድንቅ ሌላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በስተሰሜን ትቆምና ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። ይህን ያስተዋለ ግጥም እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ትይዩ ስለምትቆም በሰኔ መንገዷ በደቡብ በኩል ነው። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱ ተቀራርበው ነበር፤ ፀሐይ ሐሙስ ሰኔ 13 እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ተመለሰች፣ ጨረቃ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ሞላች። ያቺ ጨረቃ ለንደን ላይ ከአድማስ ዐሥር ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ ያለችው። እንዲህ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ማር ትመስላለች። ጅማ ላይ ከ50 ዲግሪ በላይ ትወጣለች፤ ደመናው ቢገለጥ የምትታየው ነጭ ሆና ነው። ማር ለጅማ ሰው ብርቅ ባይሆንም የግጥሙ ማር የሌላ አገር ማር ነው።

በእርግጥ ውሰቱ ዛሬ አልተጀመረም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክ፣ የፀሐይን በሮች በሚቆጥርበት ክፍሉ ረጅሙ ቀን የሌሊቱን እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። እንዲህ ያለ ቀን በኢትዮጵያ ምድር ነግቶ አያውቅም። በቅዱስ ያሬድ ስም በሚጠራው የድጓ ሥርዓት ግን ሰኔ 26 የሚገባው ዘመን መጠሪያው ዘርዕና ደመና ነው። መዝሙሩም ለሚታየው ነገር ይዘመራል።

ሙሉ ጨረቃን ለማወደስ ደግሞ ጅማ መምህር አያስፈልጋትም። በመንዙማ ነቢዩን በሙሉ ጨረቃ መመሰል የቆየ ልማድ ነው፤ ያቺ ጨረቃ ጥርት ያለ ሰማይ አትጠይቅም፣ ዝናብ እየዘነበም ትወጣለች። ጃፓኖችም ብልሃት አላቸው። በመከር ጨረቃ ሌሊት ዝናብ ቢጥል ግጥሙን አይተዉትም፤ «ኡጌትሱ» ይሉታል፣ የዝናብ ጨረቃ እንደማለት ነው። አለመታየቷ ራሱ የግጥም ርእስ ሆኗል። በግዕዝ ወርኅ፣ በኦሮምኛ ጂአ የሚሉት ቃላት ጨረቃንም ወርንም ይጠራሉ። የሰኔን ጨረቃ የሚገጥም ሰው እንግዲህ ሰኔን ራሱን ሊያመልጥ አይችልም ማለት ነው።

ሰኔ ደግሞ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ምን ዓይነት ወር ነው? ነጩ የቡና አበባ ከመጀመሪያዎቹ ዝናባት በኋላ ፈክቶ፣ ለጥቂት ቀናት አካባቢውን አውዶ ረግፏል። ለቀማው የሚደርሰው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በሰኔ ፍሬው አረንጓዴ፣ የአምናው ገንዘብ ያለቀ፣ ገበሬው ገና ባልቀላው ፍሬ የሚበደርበት ጊዜ ነው። ሰኔና ሰኞ የተጋጠመበት ሰው ደጅ ላይ የፍቅር ጨረቃ ማቆም አይከለከልም፤ ገጣሚው ግን ደጁን ማየት ነበረበት። ጨረቃና ቡና ማገናኘት ካማረው አበባው እስኪመጣ ይታገሥ፣ ወይም ኅዳር ላይ ሰማዩ ሲጠራ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሌሊት ወጥቶ ይመልከት።

በዚያ ምሽት መጨረሻ ያነበበችው አንዲት ወጣት ነበረች። ቤት አመታቷ ያነክሳል፤ ሁለት ቦታም ስንኙ ተንዛዝቶባታል። ግጥሟ ውስጥ አባት በሌሊት ቁጭ ብሎ ዕዳውን በጣቱ ይቆጥራል። ጨረቃ የምትባል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራችም። ከደመናው በስተጀርባ መኖሯን የምናውቀው አባትየው መብራት ሳያበራ ጣቶቹን ማየት በመቻሉ ብቻ ነው። ጭብጨባው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሰው ዝናቡ ጋብ ሲል ለመውጣት ተነሥቶ ነበርና።