ማጉ የማን ነው?

ወልድያ ላይ አንድ የዕደ ጥበብ ባዛር ተዘጋጅቶ ሄድኩ። አዘጋጁን አልጠራም፤ ነገሬ እነሱን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ድንኳን ተተክሏል፣ ባነር ተሰቅሏል፣ ስፒከሩ ጆሮ ይበጥሳል። የሽመና ስልጠና የጨረሱ ወጣቶች ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአንገት ልብስና የጠረጴዛ ልብስ ደርድረዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የስፌት ሥራ አለ፦ ሙዳይ፣ ሌማት፣ ትንንሽ መሶብ። እኔም እንደ ሰው ስልኬን አውጥቼ ጥለት ጥለቱን ፎቶ አነሳሁ። ከዚያ አንዱን ጋቢ በእጄ ዳሰስኩት።

ልሙጥ ነው። ከዳር እስከ ዳር እኩል። አንድም ቦታ ወፈር ወይም ቀጠን አይልም።

«ማጉ የእጅ ፈትል ነው?» አልኳት ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመችውን ልጅ።

ሳቀች። «የእጅ ፈትል አሁን ማን ይፈትላል እቴ?»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ ሳቅ ምክንያት ነው። ልጅቷ አላሾፈችብኝም፤ እውነቷን ነው። ግን የባዛሩ ባነር ላይ በትልቁ የተጻፈው «የአባቶቻችን ጥበብ» የሚል ነበር፤ እኔ ደግሞ ጋቢውን ስዳስስ የጎደለብኝ የእናቶቻችን ነው።

ሸማ ቤት ላላደጋችሁ ትንሽ ላስረዳ። ጨርቅ ሁለት ክር ነው፦ ርዝመቱን ይዞ የሚወጠረው ድር፣ በመወርወሪያ እየተሻገረ የሚሞላው ደግሞ ማግ። ድሩ ከፋብሪካ መምጣት ከጀመረ ቆይቷል፤ መወጠር የሚችል ጠንካራ ክር ስለሚፈልግ ሸማኔውም አይጠላውም። ማጉ ግን የሴት እጅ ነበር። መርሳ አያቴ ቤት ሳድግ ሥራው እንዲህ ነው የማውቀው፦ ጥጡ በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፤ ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ደመና እስኪመስል። የተነደፈው ይጠቀለልና አመልማሎ ይሆናል። ከአመልማሎው ነው እንግዲህ አያቴ በግራ እጇ እየሳበች፣ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ እያሾረች ክር የምታወጣው። እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂት፣ ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ። እሱ ቀሰም ላይ አዳውሮ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሸምናል።

የአያቴን ጋቢ ከባዛሩ ጋቢ የሚለየው የቱ ነው? የእጅ ፈትል ልል ነው። ጠመዝማዛው እኩል ስላልሆነ በክሩ መሃል አየር ይይዛል፤ ሙቀቱም ከዚያ ነው። ስታጥቡት ይነፋል፣ ስትለብሱት ገላን እየለመደ ይሄዳል። ጋቢ አራት እጥፍ የሚሆነውም ይህንኑ አየር በእጥፍ በእጥፍ ለመያዝ ነው ብዬ አምናለሁ። የፋብሪካ ክር ጠበቅ ብሎ የተገመደ ስለሆነ በሱ የተሸመነ ጋቢ መጀመሪያ ቀን ያምራል፤ ሁለተኛ ክረምት ላይ ግን አንሶላ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲቀርበን ከቤት የወጣነው ለብሰን የተገኘነውን ጋቢ ይዘን ነው። ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ማግ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም።

እንግዲህ ትችቴ እዚህ ላይ ነው። ስለ ሀገር ልብስ ስናወራ የምናየው ጥለቱን ብቻ ነው። ኢንስታግራም ላይ ያለው ጥበብ፣ ቲክቶክ ላይ ያለው ጥበብ፣ የሠርግ አልበም ላይ ያለው ጥበብ። በነሐሴ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ ሲመጣ ካሜራው የሚሮጠው ወደ ቀሚሱ ጥልፍና ወደ ቀለሙ ነው። ቀለም በፎቶ ይወጣላ! ነጩ ሜዳ ግን፣ ከልብሱ አብዛኛው ክፍል፣ «ባዶ ቦታ» ተደርጎ ታለፈ። የታተመ ጥበብ ከውጭ መጥቶ ገበያውን ሲሞላ ያን ያህል የተደናገጥነውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ልብሱን ወደ ምስል አሳንሰን ስናበቃ፣ ምስልን ማሽን ቢያትመው ምን ይገርማል? ፎቶ ላይ የሚታየው ሁሉ ሊኮረጅ ይችላል። ጥሩ ማግ ግን ስክሪን ላይ አይታይም፤ መዳሰስ አለበት።

ስልጠናዎቹም ያንኑ አይን ይዘው ነው የተሠሩት። ያየኋቸው ብሮሸሮች የሚቆጥሩት ሰልጣኝ፣ የተሻሻለ የሽመና መሣሪያ፣ ሼድ፣ የተሸመነ ሜትር ነው። መፍተል ኮርስ አይደለም፤ ሙያ አይደለም፤ ሴት ቡና እስኪፈላ የምትሠራው ነገር ነው። ክር «ግብዓት» ይባላል። ከሱቅ የሚገዛ ግብዓት።

ይህ አመለካከት ትናንት አልተወለደም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ ማለት ይቅር ብለው። ጥሩ አዋጅ ነው፤ ሸማኔው ከመቶ ዓመት በላይ በኋላም ሙሉ ለሙሉ አልተካሰበትም እንጂ። ስለ ፈታይ ግን አዋጁ ምንም የሚለው አልነበረውም፣ ምክንያቱም ፈታይን የሚመለከት ስድብ እኔም ሰምቼ አላውቅም። ለመሰደብ እንኳ መጀመሪያ ሙያ አለሽ መባል ያስፈልጋል።

የሸማኔውም ስም ቢሆን በቀላሉ ይጠፋል። ከእኛ ብዙ የማይርቀው የመቅደላ አምባ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ሲዘረፍ ከሄዱት ነገሮች ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ ትልቅ የሐር መጋረጃ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ቁመቱ ከአምስት ሜትር በላይ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ እንደተሠራ ይነገራል። ምስሎቹ የተሳሉ ሳይሆኑ በክሩ ውስጥ የተሸመኑ ናቸው። ጨርቁ ላይ ያሉት ነገሥታት እነማን ይሆኑ ብለው ምሁራን ጽፈዋል። የሸመኑት እነማን እንደነበሩ ግን የሚነግረን የለም፤ ክሩን ያዘጋጁትማ ተዉት። መጋረጃው ይመለስ ስንል (ይመለስ!) የሚመለሰው ስም የሌለው ሥራ ነው። እዚህ ያለነውም እየሸጥን ያለነው ስም የሌለው ሥራ ነው።

ወደ ባዛሩ ልመለስ። ከልጅቷ ጋር አልተላቀቅንም። አያቴ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ለመፍተል ከመስከረም እስከ ጥር ትቀመጥ እንደነበር፣ የጎረቤቶቿን ልቃቂት አይታ «ይኼ የእንትና እጅ ነው፣ ስትቸኩል ነው የፈተለችው» ትል እንደነበር ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ፦

«አያትሽ ስንት ተከፈላት?»

መልስ አልነበረኝም። አልተከፈላትማ። ፈትሉ ለቤት ነበር፤ ለልጅ፣ ለአማች፣ ለለቅሶ። ሲሸጥም ጥጡ ካወጣው ብዙም አይበልጥም ነበር። ልጅቷ ቀጠለች፦ እሷ በሽመናው ኪራይ ትከፍላለች፣ ታናሿን ታስተምራለች። በኛ አገር ወንድ ይሸምናል ሴት ትፈትላለች ነው የኖረው፤ እሷ ዕቃው ላይ ስትቀመጥ ሰፈሩ እንዴት እንዳያት ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፣ አይኗ ግን አልሳቀም። «አሁን ተነሺና እንዝርት ያዢ ነው የምትይኝ?»

አይደለም። ግን ስጀምር የማስበው እሱን እንደነበር ማመን አለብኝ። የአያት ናፍቆት የሌላ ሰው ልጅ ጉልበት ላይ ሲጫን አያምርም። ስልጠናው ሴትን ዕቃው ላይ ማስቀመጡ ትልቅ ነገር ነው፤ ሳላይ ባልፈው ተቺ ሳይሆን ነጭናጫ ነበር የምሆነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ሴትን ከእንዝርት ያወጣት እንዝርቱን ዋጋ አውጥቶለት ሳይሆን ዋጋ ቢስ አድርጎት ነው። የእናቷ ሙያ ዜሮ፣ የእሷ ሙያ ሰርተፍኬት። ሁለቱም ጋቢ ላይ ናቸው እኮ።

ዋጋ ማውጣት አይቻልም እንዳይባል፣ ይቻላል። አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው በእጅ ፈትል ነው፤ ጥጥም፣ የጉሎ ቅጠል ከሚበላ ትል የሚገኝ ሐርም። ፈታዮቹ በየቤታቸው ፈትለው ይሸጡለታል። የክሩ አለመስተካከል እዚያ ጉድለት አይባልም፤ ገዢው የሚመጣው እሱን ፈልጎ ነው። ጨርቁ ውድ ነው፣ አብዛኛው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ የመርሳ ሰው ገዝቶ አይለብሰውም። ይህም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቢሆንም ፈታይ ስትከፈል ሰማይ እንደማይወድቅ ያሳያል።

ስም መስጠትም ይቻላል። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ጥቁር ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር፣ ለመሞቅ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራዎቹ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ ከእያንዳንዱ ጎን የሰፊዋ ስም ነበር። ያኔ ነው ሰው አይኑን አስተካክሎ ማየት የጀመረው፤ ይኼኛዋ መስመር ትወዳለች፣ ያኛዋ ሰማያዊ አትለቅም እያለ። ስም ሲኖር ስልት ይታያል። ስም ከሌለ ሁሉም «የባህል ዕቃ» ነው።

የሚገርመው ይህን ለመማር አላባማ መሄድ አያስፈልግም፤ የባዛሩ ጥግ በቂ ነበር። ስፌቱ ጋ የመጣ ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሰፋችው?» ነው። ጋቢው ጋ ይህን የጠየቀ ሰው አላየሁም። ስፌት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንዲት ሴት ነው፦ ስንደዶውን ክረምቱ ሲወጣ ራሷ ትለቅማለች፣ አክርማውን ትሰነጥቃለች፣ አለላውን ራሷ ቀለም ትነክራለች፣ በወስፌ እየወጋች ታዞረዋለች። ሥራው ስላልተከፋፈለ ስሟም አልተከፋፈለም። ሻጯ አንዱን ሌማት አንስታ «ይኼ የእህቴ ነው፣ እሷ ጠርዙን እንዲህ ካላጠማዘዘች አይሆንላትም» አለችኝ። ይኼው ትችት! (እሱም ቢሆን እየተሸረሸረ ነው፤ አለላው በፕላስቲክ ክር የተተካበት ሌማት ከመሃላቸው ነበር፣ ከሁሉም ቀድሞ የተሸጠውም እሱ።)

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መርሳም ሆነ ወልድያ የሚከፈት የሽመና ስልጠና አንድ ጥግ ለፈትል ይስጥ፤ አሰልጣኟም የምትከፈል ትሁን፣ አሁንም በየጓሮው እየፈተሉ ያሉ እናቶች አሉና። የእጅ ማግ ያለበት ጋቢ ከፋብሪካው ለይቶ ይሸጥ፣ ዋጋውም ይለይ። ካርዱ ላይ ሁለት ስም ይጻፍ፦ የፈተለችው፣ የሸመነው ወይም የሸመነችው። እኛ ስለ ልብስ የምንጽፈውም ፎቶ ከማንሳታችን በፊት እንዳስስ።

ጋቢውን ከልጅቷ ገዛሁትና መርሳ ወሰድኩት። አያቴ እጇ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መፍተል ትታለች። ጫፉን በጣቶቿ መሃል አሸት አሸት አደረገችው።

«ማጉ የማን ነው?»

«የፋብሪካ ነው እቴቴ።»

«እሱንማ አወቅሁት። ማን ሸመነው?»

«ሴት ልጅ ናት። ወልድያ።»

«ሴት?» ቀና አለች። ጠርዙን ገልብጣ አየችው፣ ድሩ የተቋጨበትን ቆጠር ቆጠር አደረገች። «እጇ ጥሩ ነው። አብሽሪ በያት።» ቆይታ ደግሞ፦ «ስንት ሰጠሻት?»

ነገርኳት። ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ ጋቢውን አጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው። ስሄድ ይዤው እንድሄድ ብትነግረኝም እዚያው ትቼው መጣሁ።