ዐይንና እጅ፤ በአንድ የጃፓን የመናፍስት ጨዋታ ውስጥ ስላለው የፍርሀት ምንጭ

አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታ ሲተች የፍርሀቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው በመልክ ውስጥ ነው፤ ጭራቁ ምን ያህል አስቀያሚ እንደ ሆነ፣ ጨለማው ምን ያህል እንደ ከበደ፣ ደሙ ምን ያህል እንደ ፈሰሰ ይመዘናል። የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ደግሞ ምንጩን በእምነት ውስጥ ለመፈለግ ይቸኩላል፤ በሙታን መንፈስ የሚያምን ሕዝብ መንፈስን ይፈራል፣ የማያምን ግን አይፈራም በማለት። ሁለቱም አስተያየቶች ከእውነት ፈጽመው የራቁ አይደሉም፤ ዳሩ ግን በጃፓን የተሠራ አንድ ጨዋታ በጥንቃቄ ሲመረመር ሁለቱም ጎደሎ ሆነው ይገኛሉ።

ጨዋታው ቴክሞ የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 ያወጣው «ዜሮ» ነው፤ በአሜሪካ «ፌታል ፍሬም»፣ በአውሮፓ «ፕሮጀክት ዜሮ» በሚል ስም ይታወቃል። ሥራውን የመሩት ማኮቶ ሺባታ ናቸው። ታሪኩ በ1986 ሚኩ ሂናሳኪ የተባለች ልጃገረድ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ሂሙሮ ወደሚባለው ባዶ ቤት ስትገባ ይጀምራል። በቤቱ ውስጥ የሙታን መናፍስት ይዞራሉ። ሚኩ ሰይፍም ጠመንጃም የላትም፤ በእጇ ያለው አንድ አሮጌ ካሜራ ብቻ ነው። መንፈሱም የሚሸነፈው ፎቶግራፍ ሲነሣ ነው።

እነዚህ መናፍስት የተወሰዱት ከአገሩ እምነት ነው። ጃፓኖች «ዩሬይ» የሚሉት ቂም ወይም ናፍቆት ይዞ በመሞቱ ምክንያት ዕረፍት ያላገኘውን ሰው መንፈስ ነው። ዩሬይ ነጭ የመግነዝ ልብስ ለብሶ፣ ጠጕሩ ተበትኖ፣ እግር ሳይኖረው የሚሣልበትን መልክ ያስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ማሩያማ ኦክዮ እንደ ሆነ ይነገራል። ጃፓናዊው ተጫዋች ይህን መልክ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ጨዋታው ስለ ዩሬይ ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁትን የውጭ አገር ሰዎችም አስፈርቷል። ስለዚህ እምነቱ ለመንፈሱ መልክና ታሪክ ሰጠው እንጂ ፍርሀቱን ብቻውን አልፈጠረውም።

ፍርሀቱን የፈጠረው የጨዋታው ሕግ ነው። የሚፈራ ሰው በተፈጥሮው ፊቱን ያዞራል፤ ይሸሻልም። በዚህ ጨዋታ ግን ፊቱን ያዞረ አያሸንፍም። ተጫዋቹ ካሜራውን አንሥቶ መንፈሱን ትኩር ብሎ ማየት አለበት፤ ካሜራውን ባነሣ ጊዜም ከክፍሉ የሚታየው በመነጽሩ ውስጥ የገባው ያህል ብቻ ነው። መንፈሱ በመነጽሩ ክብ ውስጥ በቆየና በቀረበ መጠን የፎቶግራፉ ኀይል ይጨምራል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ኀይል የሚገኘውም መንፈሱ ሊይዘው በተወረወረባት ቅጽበት ነው። እንግዲህ ተጫዋቹ እጅግ የሚፈራውን ነገር እስኪቀርበው ድረስ በገዛ ፈቃዱ ይጠብቃል። በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ሰው ዐይኑን ቢጨፍን ትርኢቱ ያለ እርሱ ያልፋል፤ እዚህ ግን ዐይኑን የጨፈነ ሰው ባለበት ይቀራል። ፍርሀቱ ከዐይን ወደ እጅ የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር ከጃፓን የቆየ ልማድ ጋር ይመሳሰላል። በኤዶ ዘመን፣ ማለት ከ1603 እስከ 1868 ባለው ጊዜ፣ «ሃያኩሞኖጋታሪ ካይዳንካይ» የሚባል የመቶ ተረት ጨዋታ ነበር። ሰዎች በሌሊት ተሰብስበው በየተራ የመናፍስት ተረት ይተርካሉ፤ አንድ ተረት ባለቀ ቍጥር ከመቶው መብራት አንዱ ይጠፋል፤ መቶኛው ሲጠፋ በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ይገለጣል ተብሎ ይታመናል። በአንዳንዱ ሥርዐት ተራኪው ብቻውን ወደ ሌላ ክፍል ሄዶ መብራቱን ያጠፋና ፊቱን በመስተዋት አይቶ ይመለሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ጨለማውን የሚያመጣው ያው የሚፈራው ሰው በገዛ እጁ መሆኑ ነው። ብዙዎች በዘጠና ዘጠነኛው ተረት ላይ ያቆሙ ነበር መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። አንዱ ከሌላው ተቀዳ ማለት አያስፈልግም፤ የሚገናኙት በአሠራራቸው ነው።

ሌሎች ጨዋታዎችም ይህንኑ ያስረዳሉ። ኮናሚ በ1999 ባወጣው «ሳይለንት ሂል» ውስጥ ከተማይቱ በጉም ተሸፍናለች። የጉሙ ምክንያት በከፊል የመሣሪያው ዐቅም ማነስ ነበር፤ ሩቅ ያለውን ሁሉ መሣል አይችልምና። ባለታሪኩ የያዛት ትንሽ ራዲዮ ጭራቅ ሲቀርብ ትንጫጫለች፤ መልኩን ግን አታሳይም። አደጋ መኖሩን ሰምቶ ወደ ጉሙ የሚራመደው እንግዲህ ተጫዋቹ ራሱ ነው። ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ድርጅት በ2010 ያወጣው «አምኔዥያ» ደግሞ የ«ዜሮ»ን ተቃራኒ ያዛል። መሣሪያ የለም፤ ጭራቁን ማየት የባለታሪኩን አእምሮ ያናውጣል፤ በጨለማ መደበቅም እንዲሁ ያናውጠዋል። አንዱ ጨዋታ «እይ» ይላል፤ ሌላው «አትይ» ይላል። ሁለቱም የሚያስፈሩት የፈራ ሰው የሚጠጋበትን ስፍራ በዋጋ ስላደረጉት ነው።

«ዜሮ» እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ነጥብ ያስገኛል፤ በነጥቡም ካሜራው ይሻሻላል። ከዚህ የተነሣ ተጫዋቹ ወደ መጨረሻው ላይ መንፈስ ባየ ጊዜ ነጥብ ማሰብ ይጀምራል፤ ታዳኙ አዳኝ ይሆናል። በአንድ ስፍራ ደጋግሞ የተሸነፈ ተጫዋችም ይሰለቻል እንጂ አይፈራም፤ መሸነፉ ከጊዜ በቀር የሚያስከፍለው ነገር እንደሌለ ተረድቷልና። ይህ ጉድለት ራሱ ለክርክሩ ምስክር ነው። የመንፈሱ መልክ አልተለወጠም፤ ቤቱም ያው ቤት ነው፤ የተለወጠው ተጫዋቹ ለሕጉ ያለው ግንኙነት ብቻ ነው፤ ከእርሱም ጋር ፍርሀቱ ጠፋ።

ስለዚህ የመናፍስትን ነገር የሚያጠና ሰው ሕዝቡ ስለ መንፈስ ምን እንደሚያምንና በምን መልክ እንደሚሥለው መዝግቦ ቢያቆም የሥራውን እኩሌታ ብቻ ፈጽሟል። መብራቱን የሚያጠፋው ማን ነው፣ በሩን እንዲከፍት የሚታዘዘው ማን ነው፣ ማየት ወይም አለማየት ግዴታ የሚሆነው በማን ላይ ነው ብሎ መጠየቅም ይገባዋል። ይህ ጥያቄ ለቆየው የተረት ሌሊትም ሆነ ለዛሬው የቴሌቪዥን መስኮት እኩል ያገለግላል።