እሪ ብሎ የሚሞት ሕዋስ

ስለ ሰውነታችን ካነበብኩት ሁሉ አብልጦ የሚያስደንቀኝ የማክሮፋጅ አሟሟት ነው። ማክሮፋጅ ባክቴሪያን እየዋጠ የሚፈጭ፣ ከነጭ የደም ሕዋሳት ወገን የሆነ ሕዋስ ነው። አንዳንዱ ጀርም ግን ቢዋጥም አይሞትም። የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከተዋጠበት ከረጢት ሾልኮ በሕዋሱ ውስጥ ይሰራጫል። ማክሮፋጁም ይህን ሲያውቅ ራሱን ይገድላል።

ውሳኔው የችኮላ አይደለም። የመጀመሪያው የብግነት ምልክት ትጥቁን ያሰናዳል። ጠላት በእርግጥ ውስጥ መግባቱን የሚያሳይ ሁለተኛ ምልክት ሲደርስ ኢንፍላማሶም የተባለው የፕሮቲኖች ስብስብ ይገጣጠማል፤ ካስፔዝ 1 የተባለውን ኢንዛይምም ያነቃል። ኢንዛይሙ ጋስደርሚን ዲ የተባለውን ፕሮቲን ለሁለት ይቆርጣል፤ አንደኛው ቁራጭም የሕዋሱን ሽፋን ከውስጥ ይበሳል። ይህን የጋስደርሚን ሥራ በ2015 እ.ኤ.አ. በቤጂንግ የፌንግ ሻኦ፣ በአሜሪካ የቪሽቫ ዲክሲት የምርምር ቡድኖች በየፊናቸው ይፋ አደረጉ።

በቀዳዳው ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ይወጣል፤ ትኩሳት ያስነሳል፣ ሌሎች ነጭ ሕዋሳትንም ይጠራል። ሌባ የገባበት ሰው እሪ ብሎ መንደሩን እንደሚቀሰቅስ ማለት ነው። ሕዋሱ ሲፈነዳ ጀርሙ መሸሸጊያና መራቢያ ያጣል።

ይኸው እሪታ ልክ ሲያልፍ ሴፕሲስ የተባለውን ለሕይወት አስጊ ሕመም ስለሚያባብስ፣ ሁለት ማስረጃ ሳይሟላ ሞት አለመፈረዱ ትልቅ ጥንቃቄ ነው። ሕዋሱ የሚሞትበትን ጊዜ መለየቱ፣ ሞቱንም ለሌሎች ማስጠንቀቂያ ማድረጉ፣ ለእኔ ከተፈጥሮ ሥራዎች ሁሉ እጅግ የከበረው ነው።